መቀርቀሪያና ቁልፍ፤ በአምበርና በአካባቢዋ ስለ ቤት ደጃፍ አጠባበቅ ታሪክ

የሀገራችን የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታት ቤተ መንግሥት፥ ስለ ዐምባና ስለ ቅጥር በር ብዙ ጽፈዋል። ስለ ገበሬው ደጃፍና ስለ መዝጊያው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ምናልባት ነገሩ ተራ ሆኖ ስለ ታየ ይሆናል። ዳሩ ግን ማንም ሰው ወደ አዲስ ቤት በገባ ጊዜ ዕቃውን እንኳ ሳያስተካክል የሚያስበው ስለ ደጃፉ ነው። ከእኔ በፊት በዚህ ቤት የነበረው ማን ነው? መክፈቻውስ በማን እጅ ቀርቷል? ብሎ ይጠይቃል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህ ጥያቄ በጎጃም ምድር እንዴት ሊነሣ እንደ ቻለ፥ ከዚያ በፊትስ ለምን ሳይነሣ እንደ ኖረ ለመመርመር አስበናል።

አምበር፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሓ ከተሻገረ በኋላ በደጀንና በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት፤ ዛሬ የአነደድ ወረዳ መቀመጫ ናት። ስለ አምበር ገጠር የምንናገረው በቢቸናና በሞጣ በኩል ላለው ደጋ አገርም በብዛት ይሠራል፤ የቤቱ አሠራር ተቀራራቢ ነውና።

የዚህ አገር የገበሬ ቤት በቀድሞው ልማድ ክብ ነው። ግድግዳው እንጨት ተተክሎ፥ በማገር ታስሮ፥ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል፤ ጣሪያው በሣር ይከደናል። ደጃፉ አንድ ነው፤ ጓሮ ያለው ቤት ሁለት ሊኖረው ይችላል። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ለይቶ ያሳየናል፤ በር የሚባለው መግቢያው ነው፥ መዝጊያ የሚባለው ግን በሩን የሚዘጋው ሳንቃ ነው። ድኻ የሆነ ሰው መዝጊያውን ከቀርከሃ ወይም ከጨፈቃ ጎንጉኖ ይሠራል። ደኅና ጎጆ ያለው ግን ከዋንዛ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሳንቃ ያደርጋል። መጋዝ በገጠር ሳይለመድ በፊት ሳንቃ የሚወጣው በመጥረቢያ ተጠርቦ ስለ ነበረ ከአንድ ትልቅ ግንድ የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ሳንቃ ብቻ ነበር፤ የቀረው ፍልጥና ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መዝጊያ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነበረ። ባለቤቱ ቤቱን አፍርሶ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ሣሩን ጥሎ መዝጊያውን ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

የብረት ማጠፊያም አልነበረም። የሳንቃው አንድ ጎን ከላይና ከታች እንደ ጡት ወጣ ብሎ ይጠረብና፥ ከታች በመድረኩ ከላይ በጉበኑ በተፈለፈለ ጉድጓድ ገብቶ ይዞራል። በሌሊት ሲዘጋ መቀርቀሪያው ይገባል። መቀርቀሪያ እንግዲህ ከመቃን እስከ መቃን የሚጋደም ወፍራም እንጨት ነው፤ ጫፎቹ በግድግዳው ወይም በመቃኑ በተሠራ ቀዳዳ ይገባሉ። በውጭ የቆመ ሰው ቢገፋ መቃኑን ነቅሎ ካልጣለ በቀር አይሆንለትም። በብርታቱ ካየነው፥ ዛሬ በከተማ ከሚሸጠው ርካሽ የብረት መሸጎሪያ የድሮው መቀርቀሪያ እጅግ ይበልጣል።

ነገር ግን መቀርቀሪያ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ የሚዘጋው ከውስጥ ብቻ ነው። ከውስጥ የሚዘጋው ሰው ከሌለ እንጨቱ ምንም አያደርግም። ቁልፍ ግን ከውጭ ተዘግቶ ባለቤቱ ወዴትም እንዲሄድ የሚያስችል ነገር ነው። ስለዚህ እንደ እኛ አስተያየት፥ መቀርቀሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው መሣሪያ ነው፤ ቁልፍ ደግሞ ከቤቱ የራቀ ሰው መሣሪያ ነው። የአምበር ገበሬ ለብዙ ዘመን ያለ ቁልፍ መኖሩ ቁልፍ መሥራት ስላልቻለ ወይም ሌባ ስላልነበረ አይደለም፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ጥቂት ስለ ነበረ ነው። አባወራው ወደ እርሻ፥ ልጁ ወደ ከብት ጥበቃ ቢሄዱ እንኳ አሮጊቷ እናት፥ ሕፃን የያዘች ሴት፥ ወይም ውሻ በደጅ አለ። ሁሉም ለገበያና ለንግሥ በሚሄዱበት ቀን ደግሞ መዝጊያው በጠፍር ይታሰርና እሾህ ይደገፍበታል፤ ጎረቤትም አደራ ይባላል። ያ እሾህ ከብትን እንጂ ሌባን አይከለክልም፤ ሌባን የሚከለክለው አደራው ነው።

ሰው ወደ ቤት አቀራረቡም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በገጠር እንግዳ መዝጊያ አያንኳኳም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፥ መልስ እስኪያገኝም ይጠብቃል። መሽቶበት ለማደር የመጣም «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ይለምናል፤ ይህን ቃል የሰማ ባለቤት መቀርቀሪያውን ማንሣት ግዴታው ነው። ሳይጣራ ዝም ብሎ ወደ ደጃፍ የሚጠጋ ሰው በዚያው ብቻ ይጠረጠራል።

ሌባው ራሱ ወደ መዝጊያው አይመጣም ነበር ማለት ይቻላል። በአማርኛ ቤት ገብቶ የሚሰርቀው ሰው ሰርሳሪ ይባላል፤ ይህም ስም መሰርሰር ማለት ቀዳዳ ማውጣት ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የጭቃ ግድግዳ በሌሊት ውሃ ተረጭቶበት በድምፅ አልባ መሣሪያ ቢሰረሰር ከሳንቃው ይልቅ ቶሎ ይከፈታል። በመጻሕፍትም ይኸው ነው፤ በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 ስለ ሌባ የተሠራው ሥርዐት በሌሊት ሲሰረስር የተገኘውን ሌባ የገደለ ሰው ደም የለበትም፥ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ደም አለበት ይላል፤ በማቴዎስ ወንጌልም ምዕራፍ 6 ስለ ሌቦች የተነገረው ቃል ቍፋሮን የሚያመለክት ነው። በጭቃ ቤት በሚኖር ሕዝብ ዘንድ የመዝጊያ ብርታት ከግድግዳው ብርታት ጋር ካልተመዘነ ከንቱ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ዕቃ ከተሰረቀ በኋላ የሚሠራው ሥርዐት ከመዝጊያው የበለጠ ጠባቂ ነበር። ይህም በሌላው አገር አፈርሳታ፥ በጎጃምና በጎንደር በኩል አውጫጭኝ የሚባለው ነው። የተሰረቀው ሰው ለሹሙ ያመለክታል፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የሚያውቅ ሰው በግልጽ እንዳይመሰክር ቂም ስለሚፈራ፥ ያየውን ወፍ እንደ ነገረችው አድርጎ ለተመረጡት ሽማግሌዎች ይናገራል። ሌባው እስኪገኝ ድረስ ሰው ከሥራው ይፈታል፤ ካልተገኘም አገሩ በኅብረት ዕዳውን ይከፍላል። አሠራሩ ከባድ ነበር፤ የሰኔን እርሻ የሚያስፈታ፥ ድኻውንም ባልበላው የሚያስከፍል ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ ሰው የጎረቤቱን ቤት በገዛ ገንዘቡ ዋስትና እንዲጠብቅ አስገድዶታል። የሌላ ሰው መዝጊያ ቢሰበር እኔም እከፍላለሁ ብሎ የሚያስብ ሕዝብ በሌሊት የውሻ ጩኸት ሲሰማ ዝም ብሎ አይተኛም።

ሌባሻይ የተባለውም ከዚሁ ወገን ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፥ ወገቡ በገመድ ታስሮ፥ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይነዳና በገባበት ቤት የተኛበት ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የመጡ የውጭ ሰዎች ይህን አይተው ጽፈዋል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ። ብዙ ንጹሕ ሰው እንዳስያዘ አያጠራጥርም፤ እኛ እዚህ የምናነሣው ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ወደሚገባበት ቤት ሁሉ መግባት ይፈቀድለት ነበር፤ የማንም መቀርቀሪያ አይከለክለውም። የቤት ደጃፍ ከአገሩ ሥርዐት በታች እንጂ በላይ አልነበረም።

የብረት ቁልፍን በአካባቢው በቅድሚያ የምናገኘው በቤተ ክርስቲያን ነው። ግዕዝ ለዚህ የበቃ ቃል አለው፤ መክፈቻው መርኆ ይባላል፥ የበር መወርወሪያዎች መናስግት ይባላሉ። ቤተ ክርስቲያን በሌሊት ሰው የማያድርበት፥ ግን መስቀልና ጽና፥ መጽሐፍና ልብሰ ተክህኖ የሚቀመጥበት ቤት ስለ ሆነ፥ ከላይ ባልነው መሠረት ከውጭ የሚዘጋ ቁልፍ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። መክፈቻውም በቄሰ ገበዙ እጅ ይሆናል። በምሥራቅ ጎጃም እንደ ዲማ ጊዮርጊስ፥ እንደ ደብረ ወርቅ ማርያምና እቴጌ እሌኒ እንዳሠሩት እንደ መርጡለ ማርያም ያሉ ታላላቅ አድባራት አሉ። በጦርነትና በሽፍታ ዘመን ሕዝቡ ልብሱንና ውድ ዕቃውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያገባ እንደ ነበረ ይታወቃል። ከቁልፉ ይልቅ ግዝቱና የቦታው ክብር ይጠብቁት ነበር፤ ነገር ግን የሰው ንብረት በሌላ ሰው መክፈቻ ሥር መዋል የጀመረው እዚያ ነው። አዲስ ቄሰ ገበዝ ሲሾም ቀዳሚው ዕቃውን በዝርዝር ቈጥሮ ከመክፈቻው ጋር ማስረከቡ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የታላላቆች በር ጉዳይ ሌላ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አንዘረጋውም። አንድ ነገር ብቻ እናንሣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም እንግሊዞች መቅደላን በወጉበት ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች የኮከት በርን ከኋላው በድንጋይ ከምረው ዘግተውት ነበር። የእንግሊዝ መሐንዲሶች በሩን የሚያፈርሱበትን ባሩድ ሳይዙ ደረሱ። በሩ ግን አላዳነም፤ ወታደሮቹ በጎኑ ባለው ቅጥር ላይ ወጥተው ገቡ። የጎጃም ሰርሳሪ ቢያይ አዲስ ነገር አይሆንበትም ነበር።

በሌላው ዓለም ቁልፍ ከጥንት የታወቀ ነው። በግብፅ የእንጨት ቁልፍ ነበረ፤ በውስጡ የሚወድቁ ትንንሽ ችካሎች መወርወሪያውን ይይዙታል፥ ጥርስ ያለው መክፈቻ ሲገባ ችካሎቹ ይነሡና መወርወሪያው ይለቀቃል። በኮርሳባድ በአሦር ነገሥታት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽም እንዲህ ያለ ቁልፍ ተገኝቷል። ሊነስ ዬል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1861 ያስመዘገበው ክብ ቁልፍ፥ ዛሬ በአብዛኛው የከተማ በር ላይ የምናየው፥ በአሳቡ ከዚያ ከእንጨቱ የተለየ አይደለም፤ ችካሎቹ ከእንጨት ወደ ናስ ተለውጠው አነሱ እንጂ። በእንግሊዝ ሀገር ደግሞ ብራማ የተባለው ሰው የሠራው ቁልፍ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሚከፍተው አልተገኘም ተብሎ ሲነገርለት ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ያለ መክፈቻው ከፈተው። ብዙ ቀን ፈጅቶበታል፤ ግን ከፈተው። ከዚያ ወዲህ የሠለጠነው ዓለም የሚለካው ቁልፍ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም በማለት ሳይሆን ለመክፈት ስንት ሰዓት ይፈጃል በማለት ነው።

ወደ አምበር እንመለስ። ከ1928 ዓ.ም በኋላ የዓባይ መንገድ ለመኪና ሲሠራ፥ ከዚያም ከድል በኋላ መንግሥት አስተዳደሩን ሲያጠናክር፥ በመንገዱ ዳር ያሉ መንደሮች ወደ ከተማነት መለወጥ ጀመሩ። ክቡ የሣር ቤት ባለ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት ሆነ፤ የሳንቃው መዝጊያም ቀስ በቀስ በላሜራ ተለወጠ። በየብረታ ብረት ቤቱ የሚነገሩት ላሜራ፥ ካቻቢቴ የመሰሉት ቃላት የጣልያንኛ መሆናቸው ሙያው በምን መንገድ እንደ ገባ ይመሰክራል። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የቤቱ ሳይሆን የነዋሪው ነው። አስተማሪ፥ ጸሐፊ፥ ፖሊስ፥ ነጋዴና ተማሪ ከሌላ አገር መጥተው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከቤት ይርቃሉ፤ በደጅ የምትቀር አሮጊት የላቸውም፤ ስለ እነርሱም ወፍ የምትናገርበት አውጫጭኝ የለም። ጓጉንቸር ከሱቅ የተገዛው በዚህ ጊዜ ነው።

ጓጉንቸር በጀርባው ሕግ ከሌለ ምን ያህል እንደሚቆይ አዲስ አበባ አስቀድማ አይታ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማው ከወጡ በኋላ የጣልያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ በነበሩት ቀናት የብዙ ሱቅና መጋዘን ቁልፍ በአንድ ጊዜ ተሰበረ። ቁልፎቹ በሚያዝያ 23 ቀን ከነበሩት ያነሱ አልነበሩም።

የሕጉም ነገር ከዚሁ ጋር ሊታይ ይገባዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሕግ ካላዘዘ በቀር የማንም ቤት እንዳይበረበር ደነገገ። የ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 61፥ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 13፥ በኋላም የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ይህንኑ አጽንተዋል። የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ደግሞ ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሌባሻይ እንደ ልቡ ይገባበት የነበረውን ደጃፍ አስበን ይህን ብናነብ ለውጡ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባናል፤ የግል ቤት ደጃፍ በጽሑፍ ደረጃ ከመንደሩ ሥርዐት በላይ ሆነ። በሥራ ደረጃ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ከጽሑፉ ጋር አልተስማማም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት በቀበሌ፥ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ተከራዩ በተኛበት ክፍል፥ መክፈቻውም በኪሱ እንዳለ፥ ባለቤቱ ተለወጠ፤ በቀድሞው አከራይ እጅ የቀረው ትርፍ መክፈቻም በአንድ ቀን መብቱን አጣ። ለታሪክ ተማሪ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ማሸግ የሚባለው ነገር ነው። ባለቤቱ የታሰረ ወይም የተሰደደ ቤት በወረቀትና በማኅተም ይታሸግ ነበር። ያ ወረቀት ሕፃን ልጅ ሊቀድደው የሚችል ነው፤ ሆኖም በዚያ ዘመን የወረቀቱን ያህል የተፈራ ጓጉንቸር አልነበረም። የድሮው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ግዝት መልኩን ለውጦ መጣ ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ለጎጃም ገጠር ግን ከዚህ የከበደው የመንደር ምሥረታ ነው። ከ1978 ዓ.ም ጀምሮ በአገሪቱ በሰፊው በተካሄደው በዚህ ሥራ ጎጃምም ነበረበት። በየጎጡ ተበትኖ የኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በመሥመር ወደ ተቀየሰ መንደር እንዲገባ ተደረገ፤ ምሰሶውን፥ ማገሩንና መዝጊያውን ተሸክሞ ሄደ። እዚህ ላይ ነው አሮጌው ሥርዐት የተፈተነው። በቀድሞው ጎጥ በየአቅጣጫው ያለው ጎረቤት ዘመድ ነው፤ ማን የማን ውሻ እንደ ሆነ፥ የማን እግር እንደ ሆነ ይታወቃል። በአዲሱ መንደር ግን ያ አቀማመጥ ፈረሰ፤ ቤቶቹ እጅግ ተቀራረቡ፥ እርሻውና ማሳው ግን ራቀ። ቤቱ ባዶ የሚውልበት ሰዓት በረዘመ ጊዜ፥ የሚታወቀው ጎረቤትም ባልኖረ ጊዜ፥ ከውስጥ የሚዘጋው መቀርቀሪያ ብቻውን አይበቃም። በየካቲት 1982 ዓ.ም መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚን መመሪያ ባወጀ ጊዜ ገበሬው ጊዜ ሳይፈጅ ብዙውን መንደር እየጣለ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ስለ መመለሱ ምክንያት የሚጻፈው ሁልጊዜ ስለ መሬትና ስለ ውሃ ርቀት ነው፤ ያም እውነት ነው። እኛ ግን የደጃፉ ጉዳይ ከምክንያቶቹ ውስጥ ሊገባ ይገባው ነበር እንላለን።

ከ1997 ዓ.ም ወዲህ በአዲስ አበባ፥ ኋላም በሌሎች ከተሞች የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ጥያቄውን በአዲስ መልክ አመጡት። በዕጣ ቤት የደረሰው ሰው ቁልፍ ተረከበ ይባላል፤ ቤት ተረከበ ለማለት ነው። የሚረከበው ግን በብዙ እጅ ያለፈ መክፈቻ ነው፤ ሥራ ተቋራጩ፥ አናጢው፥ ዘበኛውና ርክክቡን ያደረገው ሠራተኛ ሁሉ ይዘውታል። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቁልፉን ራሱን ይለውጣል። በሩን መለወጥ አያስፈልግም፤ መክፈቻ የሚገባበት ሲሊንደር የተባለው ክፍል በአንድ ብሎን ስለሚያዝ እርሱን ፈትቶ ሌላ ማግባት ይበቃል። ከዚያም መቃኑ ይታያል፤ ብሎኑ አጭር ከሆነና ከስስ ቆርቆሮ ወይም ከምርጊት ብቻ ጋር ከተያያዘ ቁልፉ ምንም ቢጠነክር በአንድ ርግጫ ይነቀላል። የጓጉንቸርም ነገር እንዲሁ ነው፤ የሚሰበረው ጓጉንቸሩ ሳይሆን እርሱ የሚንጠለጠልበት ቀለበት ነው። ቁልፍ ቀራጭ በየመንገዱ ዳር ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃ ምሳሌውን በሚያወጣበት ዘመን፥ መክፈቻውን መለሰልኝ ማለት ዋስትና አይደለም።

በትንሽ ከተማ ያለው ተከራይ ግን ሲሊንደር የሚለውጥበት በር ብዙ ጊዜ የለውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የበርና የመስኮት አነስተኛ እድሳት በውል ካልተለየ በቀር የተከራዩ ድርሻ ነው፤ አከራዩ ግን በሩ የእኔ ነው፥ አትነካካው ይላል። አንዳንድ አከራይ ደግሞ ትርፍ መክፈቻ ለክፉ ቀን ይበጃል ብሎ ያስቀራል፤ አሳቡ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፥ የክፍሉ ባለቤት በሌለበት እሳት ቢነሣ የሚከፍተው እርሱ ነውና። ነገሩ የሚከፋው ኪራይ በዘገየ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ በተከራዩ ጓጉንቸር ላይ ሁለተኛ ጓጉንቸር ይጨምርበታል። ይህ ሕጋዊ አይደለም፤ ሕጉ ቤቱን በእጁ ያደረገውን ሰው ይዞታ ይጠብቃልና፥ ማስለቀቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ግን ስንት ተማሪ ስለ አንድ ክፍል ይከስሳል? ብዙዎቹ የሚያደርጉት ቀላል ነው። ክፍሉን ሲከራዩ የቀለበቱን ጥንካሬ ያያሉ፤ የአከራዩን ጓጉንቸር መልሰው ከገበያ የራሳቸውን ይገዛሉ፤ ከሁለቱ መክፈቻ አንዱን ለሚያምኑት ጓደኛ ይሰጣሉ። ሲለቅቁም ጓጉንቸሩን ፈትተው ከዕቃቸው ጋር ይዘውት ይሄዳሉ።